የወሎን ሰው በፈቃዱ ማንሳት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፣ ደሴ

ወደ ወሎ የመጣሁት የቆየ ጥያቄ ይዤ ነው። ይህ ሕዝብ በዓለም ፊት የታወቀባቸው ምስሎች አብዛኞቹ እርሱ ሳይጠየቅ የተነሱ ናቸው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ቀርጾ በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ያው ምስል በዓመቱ፣ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የቀረጸው ምስል በማይክል በርክ ዘገባ ታጅቦ በቢቢሲ ተላለፈ፤ ዓለምም ለእርዳታ ተንቀሳቀሰ።

እነዚያ ምስሎች ነፍስ እንዳተረፉ አውቃለሁ፤ መሐመድ አሚንንም እንደ ባለሙያ አከብረዋለሁ። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ፊልምና ፎቶግራፍ ውስጥ የምናያቸው እናቶችና ሕፃናት፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ስማቸው አልተመዘገበም፤ ከየትኛው ቀዬ እንደመጡ፣ ዝናቡ ሳይጠፋ በፊት ምን ይዘሩ እንደነበር፣ በኋላስ ማን ተርፎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ከምስሉ ጋር አብሮ አልተላለፈም። የወሎ ሰው በዚያ ምስል ከታወቀ ይኸው አርባ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ስለ ወሎ የሚያስብ የውጭ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ያው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዞ ካሜራ ፊት ያልቀረቡ፣ ወይም ሲቀርቡ በችግራቸው ብቻ የቀረቡ ሰዎችን፣ ራሳቸው መታየት በሚፈልጉበት መልክ ለማንሳት ቆርጫለሁ። ፎቶውን እዚያው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሪንተር አትሜ እሰጣለሁ፤ ከተነሱት ውስጥ የትኛው እንደሚቀር የሚመርጠው ባለቤቱ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ቃልም የሚናገረው እርሱ ነው። ስማቸውን የምጽፈው በፎቶው ጀርባና እነርሱ በፈቀዱበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ማስታወሻ የማንንም ስም አላነሳም።

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐረጎን ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ጓዜን ማረፊያዬ አስቀምጬ በቀጥታ ያመራሁት ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ሙያ የኖሩ አዛውንት ናቸው። በስተኋላ ባለው ክፍል ሐይቅና የአበባ ማስቀመጫ የተሳለበት መጋረጃ ዛሬም ተሰቅሏል፤ አጠገቡ በምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ቋጠሮው ያልተፈታ ክራባት ተንጠልጥለዋል። ከገጠር ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሰው ኮት ከሌለው ይህንኑ ለብሶ ይነሳ ነበር። «ኮቱን ሲለብስ ነው ቀና የሚለው» አሉኝ ጋሼ፤ «እኔ ቀና በል ብዬ አዝዤ አላውቅም።»

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው መዝገባቸው ነው። ጠርዙ በልጣጭ ፕላስተር የተያያዘ ሰፊ ደብተር ሲሆን፣ በእጅ በተሰመሩ ዓምዶች ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ሰፈር፣ የፎቶው መጠን፣ ቀብድና ቀሪ ሂሳብ ተጽፎበታል። ተራ ቁጥሩ ፊልሙ ካለበት ፖስታ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ መጥቶ «የአባቴ ፎቶ» ቢል፣ ስሙን ፈልገው ፖስታውን ያወጣሉ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ በገባ ጊዜ ፎቶ ቤቱ ተሰብሮ ብዙ ፖስታ መሬት ላይ ተበትኗል፤ ጋሼ ከውጭ ሲመለሱ የተረፈውን እየለቀሙ በቁጥሩ ደርድረውታል፤ ባዶ የቀረውን ቁጥር ግን ከመዝገቡ አልሰረዙም። እኔ እንደማስበው የዚህች ከተማ ፎቶ ቤቶች፣ በካሜራ ዓለምን ያስደመሙ ሰዎች ያላደረጉትን ነገር ለቀብድና ለቀሪ ሲሉ እንኳ ሳያጓድሉ አድርገውታል፤ የተነሳውን ሰው ስም ጽፈዋል።

በአፍሪካ ይህን መሰል ታሪክ ያለው ፎቶ ቤት የደሴው ብቻ አይደለም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ፎቶ ቤቱን ከፍቶ፣ ደንበኞቹ ያማረ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የእርሱን ሬዲዮና የእጅ ሰዓት ተውሰው፣ ስኩተሩን ተደግፈው እንደሚመኙት ሆነው ይነሱ ነበር። እነዚያ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርክ ለእይታ ሲቀርቡ ግን ከሥራቸው የተጻፈው አንሺው እንደማይታወቅ ነበር፤ ሰውዬው በሕይወት እያለ፣ በገዛ ከተማው ሁሉም እያወቀው። በእኛ በኩልም ስሙ የሚዘነጋ የተነሺው ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ስትመሠርት፣ የአፍሪካ ፎቶ አንሺ ሥራውን በስሙ የሚያሳይበት መድረክ ማግኘቱ ለእኔ ትውልድ ትልቅ ነገር የሆነውም ለዚህ ነው።

ሰኞ፣ ደሴ

የገበያ ቀን ነው። ማለዳ ወደ ሰኞ ገበያ ወርጄ የሸክላ ተራውን ፈለግሁ። ሻጮቹ ሴቶች ናቸው፤ ጀበናውን፣ ድስቱንና ምጣዱን በጭድ አጣፍተው በአህያ ጭነው ከሌሊት ጀምሮ ተጉዘው የመጡ። የደሴ ቤት ሁሉ ቡናውን የሚያፈላው በእነዚህ ሴቶች እጅ በተሠራ ጀበና ነው፤ እንጀራውም የሚጋገረው በእነርሱ ምጣድ ላይ ነበር፤ ኤሌክትሪክ እስኪተካው ድረስ። ያም ሆኖ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በሀገራችን በብዙ ቦታ ዓይኑ ይፈራል፣ ልጁን ማግባት ይነወራል። ዕቃውን ለመግዛት የማያቅማማ ሰው ከሠሪዋ ጋር በአንድ መሶብ ለመቅረብ ሲያመነታ በልጅነቴም አይቻለሁ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሥራዬን ካስረዳኋቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እዚህ ቁጭ ብዬ ስሸጥ ከሆነ አልፈልግም» አሉኝ። «ገበያ ላይ ሁሉም ሰው አቀርቅሮ ነው የሚያየኝ። ስተኩስ ነይ።» ከገበያ መልስ አብሬያቸው ወደ መንደራቸው ወጣሁ።

ሥራውን እስከዛሬ እንደዚያ ቀርቤ አላየሁትም ነበር። ጭቃው ብቻውን አይበቃም፤ የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦና ተነፍቶ ይገባበታል፤ እሳት ላይ ሲወጣ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ይኸው ነው። ቅርጹ የሚወጣው ያለ ምንም ማሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ ሲሆን፣ እመቤቲቱ ዕቃውን ቁጭ አድርገው ራሳቸው ይዞሩታል። ከደረቀ በኋላ ከወንዝ በመጣ ልሙጥ ድንጋይ ሆዱን ይፍቁታል፤ ያች ድንጋይ ከእናታቸው የወረሷት ናት፤ በአንድ በኩል አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። ተኩሱ ሜዳ ላይ በኩበትና በጭድ ነው። እሳቱ መያዙን፣ መብረዱን፣ ማውጫው መድረሱን የሚያውቁት በቀለሙ ነው፤ ልጆቻቸውም ከእርሳቸው ቃል ሳይወጣ ወደ እሳቱ አይጠጉም።

ፎቶውን ያነሳሁት እርሳቸው ረጅም እንጨት ይዘው ከቆሙ በኋላ፣ ጀበናዎቹ ከአመዱ ውስጥ ቀይ ሆነው ብቅ ሲሉ ነው። ከታተሙት ውስጥ የመረጡት የእጃቸውን ወይም የእሳቱን ሳይሆን ፊታቸው ቀጥ ብሎ ካሜራውን የሚያይበትን ነው። ከሥሩ የሚጻፈውን ሲነግሩኝ ስማቸውን ከነአያታቸው ጠሩና «ደሴ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሁሉ ያውቀኛል በይ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ቦሩ ሜዳ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ሰፊ አምባ ናት። ታሪክ አንባቢ የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉባት ቦታ በመሆኗ ነው። የአካባቢው ሰው ግን አብልጦ የሚያውቃት በሆስፒታሏ ሲሆን፣ ሆስፒታሉም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለረጅም ዘመን ሲያክም የኖረ ነው። ከሩቅ አገር ታመው መጥተው ከዳኑ በኋላ ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ብዙዎች በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው፣ ተጋብተው፣ ወልደው ኖረዋል።

በሽታው የሚድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር የሚሰጠው የጥምር መድኃኒት ሕክምና እንደየደረጃው በ6 ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። የሚቀረው ጉዳት የነርቭ ነው። ባክቴሪያው የእጅና የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ስሜት ይጠፋል፤ ስሜት የሌለው እጅ ትኩስ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፤ ቁስል ላይ ቁስል ይደራረብና ጣት እያጠረ ይሄዳል። ሰው የሚያየው ይህን ጠባሳ ነው፤ መዳኑን አያይም፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የዳነ ሰው ዛሬም እንደ ሕመምተኛ ይቆጠራል።

የተቀበሉኝ እማማ ሰባዎቹን የተሻገሩ ይመስሉኛል። በሩን ከፍተው «ግቢ፣ ቡና ልናፈላ ነው» አሉኝ፤ የመጣሁበትን ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «የምታነሺው እጄን ነው ወይስ እኔን?»

ጥያቄው ከምን እንደመጣ አልጠፋኝም። ከዚህ በፊት ካሜራ ይዘው ወደ ሰፈሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ እጃቸው ተጠግተው አንስተው ሄደዋል፤ ፎቶው የት እንደደረሰ እስካሁን አያውቁም። የሥጋ ደዌን የሚያስተምሩ ወረቀቶች ላይ የምናያቸው ፊት የሌላቸው እጆችና እግሮች እንደዚያ የተነሱ ናቸው፤ ለሕክምና ትምህርት ምስሉ ቢያስፈልግ እንኳ፣ ያ እጅ የማን እንደሆነ ባለቤቱ ሳይጠየቅ መቅረቱን ልቀበለው አልችልም። «እርስዎን ነው፤ ከፈቀዱም ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ ቡናው ይፈላ» አሉ።

ካሜራዬ ከቦርሳው ሳይወጣ አቦሉም ቶናውም ተጠጣ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያስተዋልኩት የጀበናውን ማንገቻ ነው። በደረበ ጨርቅ ተጠምጥሞ በክር ታስሯል፤ የጨርቁ ጫፍ ከእሳት ተነካክቶ ጠቁሯል። እጃቸው ሙቀቱን ስለማያውቅ በዓይናቸው ነው የሚጠነቀቁት፤ ጀበናውን ከማንሳታቸው በፊት ጨርቁ መሸፈኑን አጎንብሰው ያዩታል፤ ከዚያ በሁለት መዳፋቸው መሃል አጥብቀው ይዘው ሳያዛንፉ ስኒው ላይ ያወርዱታል። ይህን ከሆስፒታሉ እንደተማሩና፣ በኋላ ወደ ሰፈሩ የመጡ አዲስ ሰዎችን ሁሉ እርሳቸው እንዳስተማሩ የነገሩኝ እያፈሉ ነው። የተኮማተሩት ጣቶች ከዚህ በኋላ ለእኔ ጉዳት ብቻ መሆናቸው ቀረ፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ጥንቃቄና ብልሃት ያለባቸው ሆነው ታዩኝ።

በረካው ላይ «በይ አሁን አውጪው» አሉ። ካሜራው ከረከቦቱ ማዶ፣ ከእርሳቸው ዓይን ትይዩ ሆነ። ፊታቸውም፣ እጃቸውም፣ ጀበናውም አንድ ላይ ያሉበትን ምስል መረጡ። የጎረቤታቸው ልጅ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብላ ስታይ «እማማ፣ እንዴት ያምራሉ!» አለች፤ እርሳቸውም መልሰው ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና ግድግዳው ላይ ቦታ እንድፈልግለት ጠየቁኝ። ከሥሩ እንዲጻፍ የፈለጉት «ቡና የምታጠጣው እኔ ነኝ» የሚል ነው።

በዚያው ግቢ የሚኖሩ አንድ አባት ግን አልተነሱም። ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብቶ ይኖራል፤ የሚስቱ ቤተሰቦች የእርሳቸውን ታሪክ አያውቁም። «ፎቶው ዞሮ ዞሮ እዚያ ቢደርስ የልጄ ትዳር ነው» አሉኝ። ቡና ጠጥተን፣ ስለ ገብሱና ስለ ዘንድሮ ውርጭ ስናወራ ቆይተን ተሰነባበትን። ስለ እርሳቸው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ደሴ

ከጎህ በፊት ፒያሳ ወጣሁ። የጥር ብርድ በደሴ ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ናት። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኙት ጎዳና ጠራጊዎች ናቸው። አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከላይ ባለ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው፣ ወገባቸውን አጥፈው ይጠርጋሉ፤ የከተማው ሰው ሲወጣ እነርሱ ገብተዋል።

በሙያዬ መምህሬ የምለው ጥቁር አሜሪካዊው ጎርደን ፓርክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በካንሳስ የተወለደ፣ ካሜራ መያዝ የጀመረውም ካደገ በኋላ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በገዛው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ በዚያው ሕንጻ የጽዳት ሠራተኛ የነበረችውን ኤላ ዋትሰንን መጥረጊያና መወልወያ አስይዞ በአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማት። ያ ፎቶ ዝነኛ ሆነ። እኔ ግን የማደንቀው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው፦ በዚያች አንዲት ምስል ሳይረካ ለሳምንታት ተከተላት፤ ቤቷ ገባ፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር፣ በቤተ ክርስቲያኗ፣ በሰፈሯ አነሳት። ኤላ ዋትሰን በስሟ የምትታወቀው፣ ኑሮዋም አብሮ የቆየው በዚያ ምክንያት ነው። ፓርክስ ከዓመታት በኋላ የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆኗል።

ደሴም በዓለም ጋዜጦች ከታየችባቸው ምስሎች አንዱ ከዚያው ዘመን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በፀረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ለብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። በዚያች ቀን ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ ሆስፒታል የገቡት የከተማዋ ሰዎች እንደዚያ አልታዩም።

ከጠራጊዎቹ አንዷ «እዚህ አታንሺኝ፣ ቤቴ ነይ» አለችኝ፤ ዕረፍቷ ላይ ስላልሆነ ሳትፈቅድ አልጠጋሁም። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሁለት ልጆቿን የትምህርት ቤት ልብስ አስለብሳ ጠበቀችኝ። መጥረጊያውን በሩ ላይ አቁማዋለች፤ ይግባ ወይስ ይውጣ ብዬ ስጠይቃት «ይታይ፣ እነዚህ በእርሱ ነው የሚማሩት» አለች።

ሐሙስ እና ዓርብ፣ ኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ የቦርከና ሸለቆ ከታች ተዘርግቶ፣ ማዶ የፋብሪካ ጣሪያዎች ያብረቀርቃሉ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁንም፣ ቢራውንም፣ ብረታ ብረቱንም ስታመርት የኖረች የሠራተኛ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ እርሷ ጎረፉ። ስለ ፓርኩ የሚታተሙት ፎቶግራፎች ሰፊ አዳራሾች፣ የተደረደሩ የስፌት መኪናዎችና ሪባን የሚቆርጡ እጆች ናቸው። ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ክፍል በእነዚያ ምስሎች ውስጥ የለም።

አራት ልጆች የተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው እነዚህን ቀናት ያሳለፍኩት። ሁለት ፍራሽ አለ፤ በፈረቃ ስለሚሠሩ ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ይተኛሉ። በሩ አጠገብ የከሰል ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ በገመድ ላይ የተሰጡ ልብሶች፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል። አንዷ ሥራዋን በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ፦ ቀኑን ሙሉ የምትሰፋው የሱሪ ኪስ ብቻ ነው፤ ቀበቶ ማስገቢያውን የምትሰፋው ሌላ፣ ጎኑን የሚገጥመው ሌላ። «ሙሉ ሱሪ ሰፍቼ አላውቅም፤ ኪስ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሰፋለሁ» አለች። ደመወዙ ከቤት ኪራዩና ከምግቡ ተርፎ ለቤተሰብ የሚላከው ትንሽ ነው፤ እርሱንም የሚያጠራቅሙት እርስ በርሳቸው በገቡት ዕቁብ ነው።

ፍርሃት ነበራቸው፤ ተገቢም ነው። ፎቶው የሚያሠራቸው ሰው ዘንድ ቢደርስስ? ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት ተቀምጠን ተስማማን። የድርጅቱ መለያ ያለበት ልብስም ሆነ መታወቂያ በፎቶው አይገባም፤ የፋብሪካው ስም አይጻፍም፤ ክፍሉ ግን እንዳለ ይታያል። ይህን ያሉት እነርሱ ናቸው፤ «ክፍሉን ሳታሳምሪ አንሺው» አሉኝ።

ብርሃኑ ከባድ ነበር። አንድ አምፖልና ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ ልጆቹ ጠይም ናቸው፣ ግድግዳው ነጭ ጋዜጣ። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚፈልገው መካከለኛ ግራጫ ነውና፣ በነጭ ግድግዳ ፊት የቆመችን ጠይም ልጅ ለብቻው ከተተወ ግድግዳውን አይቶ ፊቷን ያጨልመዋል። የሙያው ታሪክም ለእኛ መልክ አላደላም፤ ኮዳክ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ብሎ ይልከው የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ሲሆን፣ የሌሎች ሕዝቦች መልክ የገባበት ካርድ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ የአንዷን ነጠላ በወንበር ላይ ዘርግቼ የውጩን ብርሃን ወደ ፊታቸው መለስኩት፤ ልኬቱንም ከጉንጫቸው ወሰድኩ። ነጠላውን የያዘችልኝ ልጅ ብርሃኑ ጓደኛዋ ፊት ላይ ሲመጣ ስላየች፣ ቀጥሎ እኔን ሳትጠብቅ ራሷ ታዞረው ጀመር።

እያንዳንዷ የራሷን ፎቶ አዘጋጀች። የማታ ትምህርት የምትማረው ፍራሹ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ለሠርግ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ምድጃው አጠገብ ቆመች፤ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነበር፤ ይውረድ ስላት እምቢ አለች። ሦስተኛዋ ሌሊት ሠርታ የገባች ስለነበረች ተኝታ እንድትነሳ መረጠች፤ ስትነቃ አይታ ፈቀደች። አራተኛዋ፣ የኪስ ሰፊዋ፣ ከፊት ለፊት፣ ከወገቧ በላይ ብቻ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። እናቷ ወረኢሉ አካባቢ ገጠር ናቸው፤ ኮምቦልቻ ሄዳ ትራባለች ብለው ይሰጋሉ፤ በስልክ ደህና ነኝ ብትል አያምኑም። «ጉንጬ ይታይ። ወፍሬያለሁኮ፤ ትየው» አለችኝ።

ያንን ፎቶ ሳነሳ ኮረም ትዝ አለኝ፤ አልደብቅም። ከዚያው ምድር የተወለደች ልጅ በእናቷ ፊት መታየት የምትፈልገው ጠግባ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ደመወዙ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የእርሷም ጉንጭ እውነት ነው፤ በእኔ እምነት ሁለቱም አብረው መታየት አለባቸው።

ቅዳሜ፣ ደሴ

ጋሼ ፎቶ ቤታቸውን ለግማሽ ቀን ለቀቁልኝ። የታተሙትን ፎቶግራፎች በተሳለው መጋረጃ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካናቸው፤ መምጣት የቻለ መጣ። ሸክላ ሠሪዋ ከልጃቸው ጋር መጥተው የእማማን ፎቶ ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ጀበናውን ማን እንደሠራው ነው። ማንገቻው ላይ ያለውን ጨርቅ ምክንያት ስነግራቸው፣ ወፍራም ጆሮ ያለው፣ ለሁለት መዳፍ የሚመች ጀበና ሠርተው እንደሚልኩላቸው ተናገሩ፤ የቦሩ ሜዳን ሰፈር ከጋሼ ጠይቀው ተረዱ። ጎዳና ጠራጊዋ ልጆቿን ይዛ መጥታ በራሷ ፎቶ ፊት ሌላ ፎቶ በስልኳ አነሳች። ከኮምቦልቻ ልጆች ሁለቱ ብቻ ናቸው የመጡት፤ ሌሎቹ ፈረቃ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን በመዝገባቸው ዓይነት ዓምድ አሰመርን። ከቀብድና ከቀሪ ቦታ የገባው ፈቃድ ነው፦ ማን የት እንዲታይ እንደፈቀደ፣ ማን እንደከለከለ፣ ማን ሐሳቡን ቢለውጥ በማን በኩል እንደሚነግረኝ። ሸክላ ሠሪዋና ጎዳና ጠራጊዋ በአዲስ አበባም በሌላም አገር እንዲታዩ ፈቅደዋል። እማማ ከደሴ ውጭ እንዲታይ ፈቅደው፣ ለሕክምና ማስተማሪያ ወረቀት እንዳይሰጥ ከልክለዋል። የኮምቦልቻዎቹ ሦስቱ ሥራ እስኪለቁ ወይም እስኪቀይሩ ድረስ በየትም እንዳይታይ ነው ያሉት። የኪስ ሰፊዋ ፎቶ አንዱ ቅጂ በወረኢሉ መኪና ሾፌር እጅ ለእናቷ ተልኳል፤ እናቷ አይተው የሚሉትን ሰምታ እስክትደውልልኝ ድረስ ከእርሷ ቁጥር ትይዩ ያለው የፈቃድ ዓምድ ሳይሞላ ይቆያል።